ሰኞ ጠዋት አስር ደቂቃ

ልጆቼ፣ በተለይ ተደራጅታችሁ የብረታ ብረት ሥራ የጀመራችሁ፣ ስለ ሥራ ደህንነት ስብሰባ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው።

ካቦ በነበርኩበት አንድ ወርክሾፕ ትንሿ ግራይንደር (የብረት መቁረጫና መሞረጃ ማሽን) ላይ ትልቅ ዲስክ እንገጥም ነበር። አልገባ ሲለን መከለያውን እንፈታዋለን። ሥራ ይፈጥናላ! የ115 ሚሊ ሜትር ዲስክ የሚገጠምላት ትንሿ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ዙር ያህል ትዞራለች። የ180ው ዲስክ ግን አቅሙ 8,500 አካባቢ ነው፤ ራሱ ላይ ተጽፎበታል። አንድ ቀን ዲስኩ ፈነዳና ስባሪው የአንዱን በያጅ ቅንድብ ሰነጠቀው። ዓይኑ የተረፈው ለጥቂት ነው።

ማታ ወለሉን ስንጠርግ ረዳታችን፣ ገና የ18 ዓመት ልጅ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጠዋት ዲስኩ ጫፍ ላይ ስንጥቅ አይቼ ነበር» አለኝ።

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«እኔን ማን ይሰማኛል ብዬ ነው ጋሼ።»

መልስ አጣሁ። አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም ነበር።

የደህንነት ስብሰባ የሚያስፈልገው እንዲህ ላለው ልጅ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው የሥራውን አደጋ ለሠራተኛው እንዲያስረዳና የደህንነትና ጤንነት ኮሚቴ እንዲያቋቁም ይላል። «እኛ አምስት ሰው ነን፣ ምን ኮሚቴ ያስፈልገናል?» ትሉ ይሆናል። አምስት ከሆናችሁማ ቀላል ነው፤ ሁላችሁም ኮሚቴ ናችሁ።

ሰኞ ጠዋት ማሽን ሳይነሳ አስር ደቂቃ ተሰብሰቡ። መጀመሪያ ረዳቱ ይናገር፣ ባለቤቱ መጨረሻ። ባለቤቱ ከቀደመ ሌላው «ልክ ነው» ብሎ ዝም ይላል። «ችግር አለ?» ብላችሁም አትጠይቁ፤ መልሱ «የለም» ነው። «ባለፈው ሳምንት ለጥቂት የተረፈ ማነው?» በሉ። ያኔ የተላጠው የኤሌክትሪክ ገመድም፣ ሳይታሰር የቆመው የኦክስጅን ሲሊንደርም ይወጣል። የተናገረውን ልጅ አደራ እንዳትቆጡት። አንዴ ከተቆጣችሁት ሁለተኛ አይነግራችሁም።

የተባለው ደብተር ላይ ይስፈር፦ ምን ይስተካከል፣ በማን፣ እስከ መቼ። የሚቀጥለው ሰኞም ከዚያው ገጽ ይጀምር። ቃለ ጉባኤው ያማረ፣ የተላጠው ገመድ ግን ወር ሙሉ እዚያው የተጋደመበት ቤት ብዙ አይቻለሁ። ያናድደኛል።

የእኛ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ በዚያ ረዳት እጅ የተጻፈ ነው፦ «ትልቅ ዲስክ ትንሿ ማሽን ላይ አይገጠምም። መከለያው ይመለስ። ኃላፊ፦ ካቦው። እስከ ዛሬ ማታ።»