የማታውቀው ሐይቅ ላይ ዎልአይ ለማግኘት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። ጁላይ ላይ ከቤተሰብህ ጋር ሰሜን ሚኒሶታ ቤት ተከራይታችሁ አንድ ሳምንት ልትቆዩ ነው። ሐይቁን አይተኸው አታውቅም። እስካሁን የያዝከው ፓይክና ትናንሽ ፐርች የሚባሉትን ዓሦች ብቻ ስለሆነ፣ ዎልአይ የሚባለው ዓሣ የት ተደብቆ እንደሚውል ግራ ገብቶሃል። የእኔም ታሪክ ይኸው ነበር። ልጅ ሆኜ ሐዋሳ ላይ ቆሮሶ ስናወጣ ፀሐይ ሞቅ ስትልና ውሃው ጸጥ ሲል ነበር የምንወጣው። እዚህም ያንኑ አደረግኩ። ሁለት ሰመር ሙሉ አንድ ዎልአይ አልያዝኩም።

ነገሩ ያለው ዓይኑ ላይ ነው። ዎልአይ ከዓይኑ ኋላ ብርሃን የሚመልስ ሽፋን አለው። በመኪና መብራት እንደሚያበራው የጅብ ዓይን በለው። በድንግዝግዝ ከሚያድናቸው ትናንሽ ዓሦች የተሻለ ያያል፣ ስለዚህ የሚያድነው ያኔ ነው። ቀን ላይ ደማቅ ፀሐይ ካለ ወይ ወደ ጥልቁ ይወርዳል፣ ወይ ሣር ውስጥ ይገባል። ይህን ከያዝክ የሐይቁን ግማሽ ፈታኸው ማለት ነው።

ሥራው ከቤት ይጀምራል። የስቴቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት፣ ዲኤንአር፣ ሌክፋይንደር የሚባል ገጽ አለው። የሐይቁን ስም አስገባ። በመረብ ሲቆጥሩ ምን ያህል ዎልአይ እንዳገኙ፣ መጠኑ ስንት ኢንች እንደሆነ፣ የዓሣ ጫጩት ሐይቁ ውስጥ ጨምረው እንደሆነ ይነግርሃል። ከሁሉም በፊት ዎልአይ በደንብ መኖሩን እይ። የሌለበት ሐይቅ ላይ ሳምንት የሚያባክን ሰው ብዙ ነው። ከዚያ የውሃውን ጥራት ተመልከት። ውሃው ጥርት ያለ ከሆነ ተስፋህ ማታና ማለዳ ነው። እንደ ሻይ የጠቆረ ከሆነ ግን ቀትር ላይም ይበላል፣ ያውም ጥልቅ ባልሆነ ቦታ።

ቀጥሎ የጥልቀት ካርታው። እዚህ ላይ ጊዜ ውሰድ። የሐይቁ ስፋት አያስፈራህ። ሚል ላክስ የሚባለውን የሚኒሶታ ሐይቅ ውሰድ፤ ከ130,000 ኤከር በላይ ነው፣ ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 42 ጫማ ገደማ ነው። ከዚያ ሁሉ ውሃ ዓሣው የሚሰበሰበው የድንጋይ ክምር ላይና የጭቃው ሜዳ ጠርዝ ላይ ነው። አንተም የምትፈልገው ጠርዝ ነው። የካርታው መስመሮች ተጠጋግተው ካየህ እዚያ መሬቱ ድንገት ይወርዳል። ከዳር ወደ ውስጥ እንደ ምላስ የወጣ መሬት ፈልግ። በጥልቅ ውሃ መካከል ብቻውን ከፍ ያለ ጉብታም ፈልግ። ጠጠር ከጭቃ የሚገናኝበት፣ ሣሩ የሚያልቅበት መስመርም ጠርዝ ነው። ከእነዚህ ሦስት ቦታ ብቻ ምረጥ። አሥር ከመረጥክ አንዱንም በደንብ አታጠምደውም።

ስትደርስ መጀመሪያ ማጥመጃ የሚሸጥበት ሱቅ ጎራ በል። «የት ልሂድ?» ብለህ አትጠይቅ፤ ቦታውን ማንም አይሰጥህም። «ሰሞኑን በስንት ጫማ ነው የሚበላው?» በል። ለዚህ ደስ ብሏቸው ይመልሱልሃል። 18 ጫማ ካሉህ ካርታህን አውጣና ከሦስቱ ቦታዎችህ 18 ጫማውን ተከተል።

ከዚያ ነፋሱን እይ። እኔን ያወጣኝ ይሄ ነው። አንድ ጀልባ ማውረጃ ላይ ያገኘኋቸው አዛውንት፣ ጸጥ ወዳለው ዳር ስሄድ አይተው ጠሩኝና ማዕበሉ የሚመታውን ወገን በእጃቸው አሳዩኝ። ማዕበል ብርሃኑን ይሰባብራል፣ ትናንሾቹን ዓሦችም ያደናግራል። ዎልአይ ያኔ ቀን ላይም ወደ ዳር ይመጣል። ነፋሱ ከትናንት ጀምሮ በአንድ አቅጣጫ ከነፈሰ ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው። ግን ማዕበሉ ለጀልባህ ከከበደ ተወው። የሕይወት ጃኬት ለልጆቹም ለአንተም ከሰውነት አይውረድ።

ጁላይ ላይ ቀን ቀን ጉብታዎቹንና ጥልቅ ጠርዞቹን ሞክር። አንድ ጥንቃቄ አለ። በሙቀት ወራት የብዙ ሐይቅ ውሃ በሁለት ይከፈላል፤ ከላይ ሞቃት፣ ከታች ቀዝቃዛ። የታችኛው ክፍል ኦክስጅን ሊያልቅበት ይችላል። ስለዚህ 60 ጫማ ጉድጓድ ስላየህ ዓሣው እዚያ ነው አትበል። ፀሐይ ልትገባ ሲል ወደ ሣሩ ጠርዝ ና። ሰሜን ላይ ፀሐይ የምትገባው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ያለው አንድ ሰዓትና በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ለእኔ ከቀኑ ሁሉ ይበልጣል።

በምን ላጥምድ ላልከው፣ ለጀማሪ ተንሳፋፊና አልቅት እመክርሃለሁ። በክሩ ላይ የሚንሸራተተውን ዓይነት ተንሳፋፊ ግዛ። ማቆሚያውን አልቅቱ ከታችኛው መሬት አንድ ጫማ ያህል ከፍ እንዲል አስተካክል። አልቅቱን በመምጠጫው በኩል ውጋው፣ እየዋኘ ይቆያል። እየተንቀሳቀስክ መፈለግ ከፈለግክ የመሬት ትል በሊንዲ ሪግ፣ ማለትም ክሩ ላይ በሚንሸራተት ክብደትና በመንጠቆ፣ ከታች መሬቱን እያስነካህ ቀስ ብለህ ጎትት። ዎልአይ እንደ ፓይክ አይነጥቅም። ብዙ ጊዜ የሚሰማህ ክብደት ብቻ ነው፤ እርጥብ ጨርቅ የተሰካ ይመስላል። ያኔ ክሩን ትንሽ ልቀቅለት፣ ከዚያ ዘንግህን ቀስ ብለህ አንሳ። እኔ ስንቱን በችኮላ ከአፉ ነጥቄዋለሁ!

አንድ ቦታ ላይ 20 ደቂቃ ሞክረህ ምንም ከሌለ ተነሳ። አንድ ከያዝክ ግን ንቅንቅ እንዳትል። በመንጋ ነው የሚሄዱት። ጥልቀቱን ስልክህ ላይ ጻፍ፣ በማግስቱም በዚያው ጥልቀት ሌሎቹን ቦታዎች ሞክር።

ጀልባ ባታገኝም አትዘን። ጠርዙ ለዳር ቅርብ ከሆነ ሲመሽ ከጀልባ ማሰሪያው መድረክ ላይ ቆመህ ራፓላ፣ ማለትም ትንሽ ዓሣ የሚመስል ሰው ሠራሽ ማጥመጃ፣ እየወረወርክ ቀስ ብለህ መልስ። ልጆች ሲተኙ መውጣት ነው።

የምትይዘውን ብዛትና መጠን በተመለከተ ብዙ ሐይቅ የራሱ ደንብ አለው፤ የዓመቱን መመሪያ የሐይቁን ስም ፈልገህ አንብብ። በክፍት ውሃ፣ ማለትም በረዶ ባልሸፈነው፣ ለአንድ ሰው አንድ ዘንግ ነው የሚፈቀደው። ስትወጣ የጀልባውን ውሃ አፍስስ፣ ቡሹንም ንቀል፤ ሕጉ ነው። እኔ ለድስት የምወስደው ከ15 እስከ 18 ኢንች ያለውን ነው። ትልልቆቹ አብዛኞቹ እንቁላል ጣይ ሴቶች ናቸው፣ ፎቶ አንስቼ እመልሳቸዋለሁ። ሥጋው ነጭና ለስላሳ ነው። በሚጥሚጣና በሎሚ አሽተህ ቶሎ ጥበሰው። የጉንጩን ሥጋ እንዳትጥል!

ለሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የሜይ መክፈቻውን፣ የዎልአይ ማጥመጃ ወቅት የሚጀምርበትን ቀን፣ አስብበት። ሁሌም በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ነው የሚውለው፣ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፤ ከፋሲካ በኋላ ወጥተን በውሃ ዳር ጠብሰን የምንበላው ያኔ ነው። ለአሁኑ የሐይቁን ስም ጻፍልኝ። ካርታውን ከፍቼ ሦስቱን ቦታ አብረን እንመርጣለን።