«60 ደርሶ» ወይስ «60 ከደረሰ»?

ጥያቄ፦ የምሠራው በሕይወት መድን ክፍል ነው። ለአዳዲስ ሠራተኞች የሥልጠና ጽሑፍ በአማርኛ እያዘጋጀሁ ነው። «አንድ ሰው 60 ዓመት ደርሶ 70 የመድረስ ዕድሉ» ብዬ ጻፍኩ። ባልደረባዬ «60 ከደረሰ» ካልተባለ ስህተት ነው አለችኝ። ይህን ያህል ልዩነት አለው?

መልስ፦ አለው፤ ያውም ትልቅ። ሁለቱም ደህና አማርኛ ናቸው። የሚሰጡት ቁጥር ግን ለየቅል ነው።

የሥነ ፈለክ ሊቁ ኤድመንድ ሃሌይ እ.ኤ.አ. በ1693 ያሳተመውን፣ በየዕድሜው ስንት ሰው በሕይወት እንደሚቀር የሚያሳይ ሠንጠረዥ እንያዝ። የተሠራው ከብሬስላው ከተማ የልደትና የሞት መዝገብ ነው፤ ዛሬ ከተማዋ በፖላንድ ውስጥ ናት። ዕድሜ 1 ላይ 1,000 ሰው ይላል። 60 ላይ 242፣ 70 ላይ 142 ይቀራሉ።

«ደርሶ» ቦዝ አንቀጽ ነው። ብቻውን አይቆምም፤ ከሚከተለው ግስ ጋር ተጣብቆ ሁለቱን ድርጊቶች አንድ ላይ ያስኬዳል። ስለዚህ 60 መድረሱም ገና ያልታወቀ ነገር ሆኖ ዕድሉ ውስጥ ይቆጠራል። ስሌቱ ከ1,000ው ይነሣል፤ 142 ለ1,000 ሲካፈል 14.2 በመቶ። እንዲያውም 70 የደረሰ ሁሉ 60ን ማለፉ ስለማይቀር፣ እዚህ «60 ደርሶ» የሚለው ምንም አልጨመረም።

«ከደረሰ» ሲባል ግን 60 መድረሱ እንዳለቀ ነገር ይያዛል። ከዚያ በፊት የሞቱት 758ቱ ከስሌቱ ይወጣሉ። 142 ለ242 ሲካፈል 58.7 በመቶ ገደማ ይመጣል። ፊት ለፊትዎ የተቀመጠው የ60 ዓመት ደንበኛ ጉዳይ ይኸኛው ነው። በ14.2 አስበው የዕድሜ ልክ ጡረታ ቢሸጡለት፣ የሚሰበስቡት ገንዘብ ክፍያውን አይሸፍንም። ባልደረባዎ ልክ ናት።

እኔ ብሆን ግን «60 የደረሰ ሰው 70 የመድረስ ዕድሉ» ብዬ እጽፋለሁ። «ከደረሰ» አንዳንዴ ጊዜን ይናገራል፤ «ከደረሰ ቆይቷል» እንደምንለው። «ቢደርስ» ደግሞ ጥርጣሬ ያስገባል፤ እዚያ ለደረሰ ሰው አይባልም። «የደረሰ» ለሁለቱም አያጋልጥም። አካፋዩም፣ ማለትም 242ቱ ሰዎች፣ ከዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ላይ ይታወቃሉ።

«የመሞት ዕድል» የሚለው የሚከብዳቸው አሉ። እኔን አይከብደኝም፤ ዕድል ፈንታ ስንል ክፉውም ደጉም አለበት።

ይልቅ የሚያሳስበኝ የዕድሜው አነጋገር ነው። «60 ሞላው» እና «60ኛ ዓመቱን ያዘ» አንድ አይደሉም። 60ኛውን የያዘ ሰው የሞላው 59 ነው፤ አካፋዩም ሌላ ረድፍ ላይ ይገኛል። የምትጠቀሙበት ሠንጠረዥ የሞላ ዕድሜ ይሁን የተያዘ ዕድሜ የሚቆጥረው፣ ከላይ በአርእስቱ ላይ በግልጽ ይጻፍ።