ኮረብታውን ለማረስ ላሰብከው ወንድም፦ ድንጋዩን አታስለቅም

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ወለንጪቲ አካባቢ ከጓደኞችህ ጋር ተደራጅታችሁ ኮረብታ ተሰጥቷችኋል። አፈሩ ስስ ሸክላማ ነው፣ ከሥሩ አለት አለ፣ ላዩ ድንጋይ ለብሷል። ድንጋዩን አስለቅመህ፣ በትራክተር አሳርሰህ፣ ዝሆኔ ሳር ተክለህ ፍየል ልታደልብ አስበሃል። "ያዋጣል ወይ?" አልክ። ከኔ በፊት የጻፉልህ ሰዎች "በርታ" ብለውሃል። እኔ ግን ቆም በል እልሃለሁ።

እኔም አዳማ ዙሪያ እንዲህ ያለ መሬት ላይ ነው ከባልንጀሮቼ ጋር የገባሁት። የለጠፍከውን ፎቶ ሳይ የኛ ኮረብታ መሰለኝ፤ ስለዚህ መግቢያ አላበዛም።

1. ጥልቀቱን ለካ። ዲጂኖ ይዘህ ውጣ። ከአናቱም፣ ከወገቡም፣ ከግርጌውም ቆፍር። አንድ ቦታ ብቻ አይተህ "ደህና ነው" እንዳትል፣ ኮረብታ ላይ ትንሽ እልፍ ስትል ጥልቀቱ ሌላ ነው። አለቱን ከ25 ሴንቲሜትር በፊት ካገኘኸው እዚያ ላይ እርሻ የሚባለውን እርሳው። ሒሳቡ ቀላል ነው። ሸክላማ አፈር በአንድ ሜትር ጥልቀት ለተክል የሚሆን ከ150 እስከ 200 ሚሊሜትር ያህል ውሃ ይይዛል። ያለህ ሩብ ሜትር ከሆነ 40 ወይም 50 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው፤ አፈሩ ውስጥ ጠጠር ካለበት ደግሞ ከዚያም ቀንስ። በኛ አገር ፀሐይ ሳሩ የሚጠጣውና የሚተነው ተደምሮ በቀን 5 ሚሊሜትር ገደማ ይሄዳል። መሬቱ ጠግቦ ቢያድር እንኳ ዝናቡ ከጠፋ በሳምንት በአስር ቀን አለቀለት። ንፋሱንም አትርሳ። አዳማ ጋራ ላይ ያን ሁሉ የንፋስ ተርባይን የተከሉት ለጌጥ አይደለም።

2. "ሸክላ ውሃ ይይዛል" የሚሉህን በግማሽ ጆሮ ስማ። ይይዛል፣ ግን እንደ ስስታም ሀብታም ነው፣ ቶሎ አይሰጥም። ካፊያ ሲጥል ላዩን ብቻ ያረጥብና በማግስቱ ፀሐይ ትወስደዋለች። አሸዋማ መሬት ላይ ያው ውሃ ወደ ታች ወርዶ ከትነት ይተርፍ ነበር። ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በበጋ የተሰነጠቀው መሬት መጀመሪያ የመጣውን ይጠጣል፣ ከዚያ ያብጥና ስንጥቁ ይዘጋል። የቀረው ጎርፍ ሆኖ ወደ ጎረቤት ማሳ ይወርዳል። ዝሆኔ ሳር ጥልቅ አፈርና ብዙ ውሃ ነው የሚፈልገው። ኮረብታ ወገብ ላይ መትከል ብርህን መቅበር ነው።

3. ድንጋዩ። የኛ ብር የቀለጠው እዚህ ጋ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልንገርህ።

መሬቱን ስንረከብ ውሉ "በጊዜው ካልለማ ይነጠቃል" ይላል። ለምቷል አልለማም የሚለው አንድ ቢሮ ነው፣ ስሙን አልጠራም። ባለሙያው መጣ። ከመኪናም አልወረደ። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ "ይሄ እኮ ድንጋይ ነው፣ ልማቱ የታለ?" አለን። ሳሩን አሳየነው። "ሳሩንማ እግዜር ነው ያበቀለው" ብሎ መስኮቱን ዘጋ። አሁን ሳወራው ያስቀኛል፣ ያኔ ግን ደሜ ፈልቶ ነበር። ቢሮ ሄድን። ቅጹ ላይ "የተመነጠረ መሬት በሄክታር" የሚል ቦታ አለ፤ "ተከልሎ ያገገመ ግጦሽ" የሚል ግን የለም። ወረቀቱን የምትቀበለው ልጅ ቀና ብላ እንኳ ሳታየን "ባዶ ቅጽ ይዛችሁ እንዳትመጡ" አለች። በቃ፣ የቀን ሠራተኛ ቀጠርን።

ድንጋይ ማስለቀም ርካሽ ሥራ እንዳይመስልህ። የቀን ሠራተኛው ምሳ አለ፣ ውሃ አለ፣ ድንጋዩን የሚያወርደው ጋሪ አለ። ትራክተሩ ሲገባ ማረሻው አለት እየነካ ተሰበረ፣ ባለቤቱም የጥገናውን ሒሳብ እኛ ላይ ጫነው። "ተውት፣ ይብቃን" ብዬ ብጮህም የሰማኝ አልነበረም። ያስቆመን የኔ ምክር ሳይሆን የኪሳችን ባዶነት ነው። ግማሹ ኮረብታ ተለቅሞ ታረሰ፣ ግማሹ እንደ ድሮው ቀረ።

ክረምት ገባ። የታረሰው ጎን በመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ላዩ ተለስኖ ጠጠረ። ራቁቱን የቀረ ሸክላ ላይ የዝናብ ጠብታ ሲያርፍ አፈሩን ያደቅቀዋል፣ ደቃቁ ቀዳዳውን ይደፍናል፣ ሲደርቅ ቅርፊት ይሆናል። የዘራነው ሮደስ የሚባል የመኖ ሳር ዘሩ ደቃቅ ነው። ጓል ሥር የገባው ሳይወጣ ቀረ፣ ላይ የቀረውን ጎርፉ ጠረገው። ነሐሴ ላይ ቦረቦር ጀመረን። ያልተነካው ጎንስ? ድንጋዩ የጠብታውን ምት ይቀበላል፣ ውሃው በጎኑ ሾልኮ ይገባል፣ ከሥሩ ያለው ጥላ እርጥበቱን ያቆያል። ሳሩ በየድንጋዩ ዳር ነው ብቅ ያለው፤ ሄደህ ማየት ትችላለህ። አፈር ላይ ጋደም ያለው ድንጋይ ነው እንዲህ የሚጠቅመው። ቅርፊቱ ውስጥ ተቀብሮ የተጣበቀው ግን ውሃውን ያንሸራትተዋል፣ እሱ አያሳሳህ።

ደግሞ ስማ። ክረምቱ ሳይወጣ ከዚያው ቢሮ ሌላ ባለሙያ መጣ። ቦረቦሩን አይቶ "ይህን አፈር ግፈፉ ያላችሁ ማነው?" አለን። እኔ ዝም አልኩ። ጓደኛዬ ግን ቅጹን አውጥቶ አሳየው። ሰውየው አነበበና አጥፎ መለሰለት። ይቅርታ የሚባል ነገር የለም።

ከዚያ በኋላ ያደረግነውን ልንገርህ፣ አንተ ከዚህ ጀምር። ትልልቁን ድንጋይ ብቻ ወስደን በኮረብታው ላይ አግድም ደረደርነው፣ ትንንሹን አልነካነውም። አግድሙን በዓይን እንዳትገምት፣ ግንበኞች የሚይዙትን ውሃ ልክ ተዋስ። የድንጋይ እርከን ውሃውን ያዘገየዋል እንጂ አያግደውም፣ ደለሉም ከኋላው ይቀራል። የአፈር እርከን ግን እንዲህ ባለ መሬት ላይ አልመክርህም። በበጋ ይሰነጠቅና የመጀመሪያው ጎርፍ በስንጥቁ ገብቶ ይንደዋል። ቦይ ለመቆፈር ካሰብክም መጀመሪያ አንድ ደረቅ ጓል ብርጭቆ ውስጥ ባለ የዝናብ ውሃ ላይ ጣል። ሳትነካው ዙሪያውን ካደፈረሰው ዲጂኖውን አስቀምጥ። እንዲህ ያለ አፈር ላይ የተቆፈረ ቦይ ራሱ ቦረቦር ይሆናል።

ከብት ከልክል። ቢያንስ አንድ ክረምት ከልለህ የሚበቅለውን እይ፣ ዘር ለመግዛት አትቸኩል፤ አፈሩ ውስጥ የተኛ ዘር ሊኖር ይችላል። ሳሩን እያጨድክ ለፍየሎቹ አቅርብ። በኋላ ስታስገባቸውም ዝናብ ዘንቦ ኮቴ የሚሰምጥ ከሆነ በዚያ ቀን ማንም እንስሳ አይውጣ። የተረገጠ እርጥብ ሸክላ ሲደርቅ ዶማም አይበግረው። ግራሮቹን እንዳትቆርጥ። ሥራቸው በአለቱ ስንጥቅ ወርዶ አንተ የማትደርስበትን ውሃ ያገኛል፣ ፍሬው ሲረግፍ ደግሞ የፍየል መኖ ነው። ዝሆኔ ሳሩን የግድ ከፈለግከው ከግርጌ፣ አፈሩ ተጠርጎ የተከማቸበትና ውሃው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ሞክረው።

ቢሮውን በተመለከተ አንድ ዘዴ አለ፣ እኛ ዘግይተን ነው የነቃነው። "ሳር አለን" ብለህ እንዳትሄድ። የሠራኸውን እርከን በሜትር ለክተህ "የአፈርና ውሃ ጥበቃ ሥራ" ብለህ በደብዳቤ አስገባ፣ ፎቶ አያይዝ፣ ገቢ ማህተም ያለበትን ቅጂ እጅህ ላይ አስቀር። የሚለካ ነገር ሲያዩ ጸጥ ይላሉ። የኛ ውል በዚህ ነው የታደሰው። አሁንማ ያው ቢሮ እንግዳ ሲመጣበት ወደኛ ኮረብታ ያመጣል። የተገፈፈውን ጎን ግን አያሳይም፣ መኪናውን በዚያኛው በኩል ነው የሚያቆመው።

ለትራክተሩ ቀብድ ከፍለህ ከሆነ ዛሬውኑ ደውልለትና ሥራውን ወደ ሜዳ መሬት አዛውረው። ቀብዱ ባይመለስልህም ግድ የለም፣ ከማረሻው ጥገና ያንሳል። የቆፈርክበትን ጥልቀት ለክተህ እዚሁ ጻፍልኝ፣ የቱን ከልለህ የቱን ልትሞክር እንደምትችል እነግርሃለሁ።