የአዋጭነት ጥናት ስታነቡ ከጥገናው ጀምሩ

እህታችን «አንድ የመንገድ ወይም የባቡር ፕሮጀክት ለረጅም ጊዜ ይጠቅም እንደሆነ ገና በጥናት ላይ እያለ በምን ይለያል?» ብለሽ ለጠየቅሽው፣ በመንገድ ሥራ ቁጥጥር ላይ ስለቆየሁ የማውቀውን ልበልሽ።

የአዋጭነት ጥናት ሲሰጠኝ ቀድሜ የማየው የግንባታውን ዋጋ አይደለም። ከርክክብ በኋላ ያለውን ወጪ ማን፣ ከየት አምጥቶ እንደሚሸፍነው ነው የማየው። ይህ በግልጽ ካልተመለሰ ሌላው ስሌት የቱንም ያህል ቢያምር አላምነውም።

የአዲስ አበባን ቀላል ባቡር ውሰጂ። በ2008 ዓ.ም. መስከረም ላይ ሥራ ሲጀምር ከተማው ሁሉ ደስ ብሎት ነበር። ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የመጣ ብድር ነው። ቲኬቱ ደግሞ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ለተሳፋሪው ትልቅ እፎይታ ነው፤ ታሪፉ መርከሱን አልቃወምም። ግን ብድሩም መለዋወጫውም የሚፈልገው ዶላር ነው፣ የሚሰበሰበው ብር። ልዩነቱን የሚሞላ አስተማማኝ ድጎማና የውጭ ምንዛሪ አብሮ ካልታቀደ ውጤቱ ያየነው ነው። መለዋወጫ ሲጠፋ ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ ቆሙ። ሰውም ወደ ታክሲ ሰልፉ ተመለሰ።

ሌላም አለ። ከመገናኛ ወደ አያት ባለው መስመር ሐዲዱ በአብዛኛው በምድር ላይ ታጥሮ ነው የሚሄደው። ማዶ ለመሻገር ብዙ መዞር ግድ የሚሆንበት ቦታ አለ። ዘንቢል የያዘች እናት የምታጠፋውን ይህን ጊዜ በጥናቱ ሰንጠረዥ ውስጥ ፈልጊው። ከሌለ፣ የቀረበልሽ የጥቅም ስሌት ጎዶሎ ነው።

ወደ መንገድ ስንመጣ ዋናው ጠላት ውሃ ነው። ክረምት ከመግባቱ በፊት ከአስፋልቱ ወርደሽ የከልቨርቱን (ከመንገዱ ሥር ውሃ የሚያሳልፈውን ቱቦ) አፍ ጎንበስ ብለሽ እይ። ብዙ ጊዜ በደለልና በፕላስቲክ ጠርሙስ ተደፍኖ ታገኚዋለሽ። ውሃው መውጫ ሲያጣ በመንገዱ ትከሻ በኩል ከአስፋልቱ ሥር ወዳለው የጠጠር ንጣፍ (ሰብቤዝ) ይሰርጋል። ላዩ ለጊዜው ደህና ይመስላል። ከዚያ እንደ ዓሣ መረብ የተያያዘ ስንጥቅ ይወጣል፣ ቀጥሎ ጉድጓድ። በአካፋ ይጠረግ የነበረው ነገር ተቆፍሮ እንደገና የሚሠራ መንገድ ሆኖ ያርፋል። በጣም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ ቦይ ለመጥረግ ገንዘብ የለም ተብሎ ለመልሶ ግንባታ ብዙ እጥፍ ይወጣል።

ከመጠን በላይ የሚጫንም አለ። የአክስል ጭነት (በአንዱ የጎማ ዘንግ ላይ የሚያርፈው ክብደት) እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ሚዛን ጣቢያ በወጉ በማይሠራበት መስመር ላይ «20 ዓመት ያገለግላል» የሚል ዲዛይን ሳይ ቶሎ አልቀበልም።

የመንገድ ፈንድ በ1989 ዓ.ም. ሲቋቋም ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ነዳጅ ላይ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለጥገና እንዲውል። አዲስ ኪሎ ሜትር በጨመርን ቁጥር ይህ ገንዘብም አብሮ ማደግ አለበት። ስለዚህ አዲሱ መንገድ ከየትኛው ነባር መንገድ የጥገና በጀት እንደሚሻማ ጠይቂ። ይህን የሚጠይቅ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም።

ጥናቱ እጅሽ ላይ ካለ የጥገናውን ክፍልና የትራፊክ ትንበያውን እዚህ ለጥፊልን። አብረን እናየዋለን።