ጓሮ ድረስ የማይዘልቅ ዋይፋይ
የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ጥያቄ፦ ግቢያችን 1,500 ካሬ ነው። ፊት ለፊት ጂ+1 ዋናው ቤት አለ፤ ከጀርባው 45 ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ደግሞ አራት ክፍል ሰርቪስ አለ፣ ሁለቱን አከራይቻለሁ። ፋይበሩ የገባው ሳሎን፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ነው። ሰርቪሱ ጋ ስለማይደርስ ሶኬት ላይ የሚሰካ ሪፒተር ገዝቼ እዚያው ክፍል ውስጥ ሰካሁት። ስልክ ላይ ዋይፋዩ ሙሉ ሆኖ ይታያል፤ ነገር ግን ቪዲዮው ይቅርና የቴሌግራም ፎቶ እንኳ አይወርድም። ሪፒተሩ ተበላሽቶ ይሆን? (ከቢሾፍቱ)

መልስ፦ ሪፒተሩ ደህና ነው፤ ጥፋቱ የተሰካበት ቦታ ነው። ስልክዎ ሙሉ አድርጎ የሚያሳየው በእሱና በሪፒተሩ መካከል ያለውን መስመር ብቻ ነው። ሪፒተሩ ራሱ ከሳሎን የሚሰማው ግን ቀድሞ ስልክዎ እዚያ ክፍል ውስጥ ይሰማው የነበረውን ያንኑ ሹክሹክታ ነው፤ በደንብ ያልሰማውን ደግሞ በደንብ ሊያስተላልፍ አይችልም። በዚያ ላይ ርካሾቹ ሪፒተሮች የሚቀበሉትም የሚልኩትም በአንድ ሬዲዮ ስለሆነ ፍጥነቱ በግማሽ ይወርዳል።

ግድግዳውም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ብሎኬት ያዳክማል፣ አርማታ በውስጡ ባለው ፌሮ የተነሳ ይብሳል፣ የቆርቆሮ ግድግዳና የላሜራ በር ግን ሞገዱን ወደ መጣበት ይመልሱታል። 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው ፈጣኑ ሞገድ ከ2.4ቱ ይልቅ በግድግዳ ቶሎ ይደክማል። ራውተሩን ከቴሌቪዥን ጀርባ መደበቅ ሌላው ጣጣ ነው፤ ትልቁ ስክሪን ራሱ ከለላ ይሆንበታል።

ገንዘብ ሳያወጡ የሚሞክሩት አንድ ነገር አለ። ሪፒተሩን ከሰርቪሱ አውጥተው በዋናው ቤት የጓሮ መስኮት አጠገብ ይሰኩት። በስልክዎ የዋይፋይ መለኪያ አፕ ጭነው እዚያ ቦታ ላይ የሳሎኑን ራውተር ያንብቡ፦ ከ-65 ዲቢኤም (የሞገዱ ጥንካሬ መለኪያ) የተሻለ፣ ማለትም -60 ወይም -55 ካሳየ ቦታው ጥሩ ነው፤ -80 ከሆነ ቦታው አይሆንም። ይህ ለመልእክትና ለፎቶ ይበቃ ይሆናል። ሁለት ተከራይ ማታ ማታ ቪዲዮ ለሚያይበት ቤት ግን ኢንተርኔቱን በኬብል ሰርቪሱ ድረስ ወስዶ እዚያ በዋይፋይ መበተን ይሻላል።

የሚገዛው ይህን ያህል ነው፦ ካት 6 የሚባለው የውጪ የኔትወርክ ኬብል 65 ሜትር (ከመሬት ወደ መስኮት የሚወጣውንና የሚወርደውን ጨምሮ)፣ 25 ሚሊሜትር የፒቪሲ ቱቦ፣ አርጄ-45 ኮኔክተር (በኬብሉ ጫፍ የሚታሰረው መሰኪያ) ቢያንስ ስምንት (ሁለት ይበቃል፣ ግን ለጀማሪ ሦስት አራቱ ይበላሻል)፣ መቀርጠፊያ ፒንሳ፣ ሰርቪሱ ጋ የሚቆም አክሰስ ፖይንት (ከኬብሉ ተቀብሎ በዋይፋይ የሚበትነው ዕቃ) ወይም ቤት ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ ራውተር። ዋጋ አንጽፍም፤ መጽሔቱ ታትሞ እስኪደርስዎ ይለወጣል። 305 ሜትሩን ካርቶን ሙሉ መግዛት አያስፈልግዎትም፤ በሜትር የሚቆርጥ ሱቅ ይፈልጉ።

ኬብሉን ሳይፈትኑ አይክፈሉ። ከጫፉ አንዷን ቀጭን ሽቦ ልጠው መዳብ የሚመስለውን ገላዋን በቢላ ፋቅ ፋቅ ያድርጉ። ከሥሩ ነጭ ብርማ ቀለም ከወጣ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው፤ ነጋዴዎቹ ሲሲኤ ይሉታል። ሁለት ሦስት ጊዜ ሲያጥፉት ቀጭ ብሎ ይሰበራል፣ በርቀት ይደክማል፣ ኤሌክትሪክ በኬብሉ የሚልኩ ከሆነም ይሞቃል። ንጹሕ መዳብ ቢፋቅም ቀይ ነው። ካርቶኑ ላይ «ካት 6» ተብሎ መጻፉ ብቻ ምንም ማረጋገጫ አይሆንም።

ቱቦውን 40 ሴንቲሜትር ቆፍረው ይቅበሩ፤ ከመብራት መስመር በ30 ሴንቲሜትር ይራቅ፣ በአንድ ቱቦ ደግሞ ፈጽሞ አይግባ። ማጠፊያው ላይ ባለ 90 ዲግሪ ክርን ካስገቡ ኬብሉ አልጎተት ይልዎታል፤ ሁለት ባለ 45 ያድርጉ፣ ቱቦውን ሲገጣጥሙም ሲባጎ አስቀድመው ያስገቡበት። ኮኔክተር የሚታሰረው ኬብሉ ከተጎተተ በኋላ ነው። ቁፋሮ ሰልችቶዎት በጣሪያና በአጥር ላይ ቢያልፉ መሥራቱ ይሠራል፤ ነገር ግን ክረምት ላይ አካባቢው መብረቅ ሲወርድ በኬብሉ ላይ የሚፈጠረው ኤሌክትሪክ በሁለቱም ጫፍ ያለውን ዕቃ ሊያቃጥል ይችላል።

የሽቦዎቹ ቅደም ተከተል፣ የኮኔክተሩን ምላስ ወደ ታች አድርገው ከግራ ሲጀምሩ፦ ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ይሁን። ጥንዶቹን ከ13 ሚሊሜትር በላይ አይፍቱ። አረንጓዴዎቹን ጎን ለጎን ማድረግ በጣም የተለመደው ስሕተት ነው፤ ለዓይን ያማረ ይመስላል፣ አይሠራም።

አሮጌውን ራውተር «አክሰስ ፖይንት ሞድ» ካለው እሱን መምረጥ ይበቃል። ከሌለው በኮምፒውተር ገብተው አድራሻውን ይቀይሩ፤ ዋናው 192.168.1.1 ከሆነ ይህኛው 192.168.1.2 ይሁን። (የአንዳንዱ የፋይበር ሞደም 192.168.100.1 ነው፤ ጀርባው ላይ ተለጥፏል፣ ያኔ 192.168.100.2 ይስጡት።) ቀጥሎ ዲኤችሲፒ የሚለውን፣ ማለትም ለስልኮች አድራሻ የሚያድለውን፣ ያጥፉ። ከዚያ ኬብሉን «ላን» ከሚሉት ቀዳዳዎች በአንዱ ይሰኩ፣ «ዋን» ላይ አይደለም። ዲኤችሲፒውን ማጥፋት ከረሱ ሁለቱ ራውተሮች አድራሻ ለማደል ይሻማሉ፤ ግማሹ ስልክ ይሠራል፣ ግማሹ «ኢንተርኔት የለም» ይላል፣ ነገ ደግሞ ይገላበጣል። የዋይፋዩን ስምና የይለፍ ቃል ከሳሎኑ ጋር አንድ ያድርጉ፣ ቻናሉን ግን ይለዩ፦ በ2.4 ላይ አንዱ 1 ከሆነ ሌላው 6 ወይም 11።

ጥያቄ፦ ከቤቴ 400 ሜትር ርቆ የዶሮ ቤት አለኝ፤ ካሜራ ላደርግበት እፈልጋለሁ። በኬብል ልውሰደው? (ከሐዋሳ አካባቢ)

መልስ፦ አይሆንም፤ ካት 6 ከ100 ሜትር በላይ አያስተማምንም። ለዚህ የሚሆነው የ5 ጊጋኸርዝ የውጪ አንቴና ጥንድ ነው፤ አንዱ ከቤትዎ ጣሪያ፣ አንዱ ከዶሮ ቤቱ፣ ፊት ለፊት ይተያያሉ። አንዱን አክሰስ ፖይንት፣ ሌላውን ክላየንት አድርገው ያዋቅሩ። መተያየት ሲባል በዓይን ማየት ብቻ አይበቃም፦ በዚህ ርቀት መካከለኛው ቦታ ላይ ከመስመሩ ዙሪያ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነፃ መሆን አለበት። በጥር የተተከለ አንቴና በሐምሌ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ በባሕር ዛፍ ቅጠል ነው፤ ቅጠሉ ውኃ ሲይዝ ሞገዱን ይውጠዋል። ስለዚህ ምሰሶውን ዛፉ ነገ የሚደርስበትን ቁመት አስበው ይትከሉ።

ሲያስተካክሉ ብሎኖቹን ግማሽ ብቻ አጥብቀው፣ አንድ ሰው ስልክ ላይ ቁጥሩን እያነበበ ሌላው በትንሽ በትንሹ ያዙር፤ ከ-50 እስከ -65 ሲደርስ ያጥብቁት። ከአንቴናው ጋር የሚመጣው ኤሌክትሪክ ሰጪ ሁለት ቀዳዳ አለው፦ «ፒኦኢ» (ኤሌክትሪክ በኬብሉ የሚወጣበት) ወደ አንቴናው፣ «ላን» ወደ ራውተሩ። ቢቀያየሩ ኤሌክትሪኩ ወደ ራውተርዎ ሄዶ ሊያቃጥለው ይችላል።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋ ኢንተርኔቱን ለማቆየት ትልቅ ዩፒኤስ ያስፈልጋል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አያስፈልግም። የራውተርዎ አዳፕተር 12 ቮልት ከሆነ ባለ 12 ቮልት ትንሽ ዲሲ ዩፒኤስ ይበቃል። 10,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የተጻፈበት ባትሪ በውስጡ 37 ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል፤ 8 ዋት የሚበላን ራውተር ከብክነቱ ጋር አራት ሰዓት ቢጎትት ነው። ከመሰካትዎ በፊት ቮልቱና የፊሹ ስፋት ከአዳፕተሩ ጋር አንድ መሆኑን ይዩ። ሰርቪስ ቤት ሌላ አክሰስ ፖይንት ካለዎት ለእሱም አንድ ያስፈልጋል፤ ዋናው ቢበራ እሱ ከጠፋ ተከራዩ ጨለማ ውስጥ ነው።