መጽሐፉ ከደራሲው ይቅደም

ይድረስ በዚህ ክረምት የከተማችሁን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለማገዝ ለተነሣችሁ ልጆቼ፤

ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ስትመለሱ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ ሐሳብ «አንድ ደራሲ እንጋብዝ» የሚል ነው። ሐሳቡ ደግ ነው። ግን ብዙ ጊዜ ሥራው በባነር ይጀመርና በፎቶግራፍ ያልቃል። ልጆቹ ስሙን ሰምተውት የማያውቁትን ሰው ሁለት ሰዓት ተቀምጠው ያዳምጣሉ። «ጥያቄ ያለው?» ሲባል ቤቱ ጭጭ ይላል፤ በመጨረሻ አንድ መምህር ይሉኝታ ይዟቸው እጃቸውን ያወጣሉ። ልጆቹን ዓይን አፋር ናቸው ብላችሁ አትውቀሱ። ስላላነበቡት መጽሐፍ ምን ብለው ይጠይቁ?

ከእንግዳው በፊት መጽሐፉ ይግባ። ቢያንስ 4 ሳምንት ቀደም ብላችሁ 10 ቅጂ ፈልጉ። አንዱ ቅጂ በአንድ ልጅ እጅ 4 ቀን ቢቆይ በ24 ቀን 6 ልጅ ያነበዋል፤ በ10 ቅጂ 60 አንባቢ አገኛችሁ። ለእኔ አንብበው የመጡ 60 ልጆች ከ300 ታዳሚ ይበልጡብኛል። የተገኘው 3 ቅጂ ብቻ ከሆነ ልጆቹን ሦስት ቦታ ከፍላችሁ፣ ድምፁ ጥርት ያለው በየቀኑ 20 ደቂቃ ያንብብላቸው። ያለ ደራሲው ፈቃድ ግን ፎቶ ኮፒ አታባዙ፤ የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ የሚጠብቀው ያንኑ የምትጋብዙትን ሰው ነው። አንድ አጭር ታሪክ ለማባዛት ጠይቁት፤ ከፈቀደ ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ።

ውሰት ላይ የሚያጣብቃችሁ ተያዥ ነው። ደመወዝተኛ ተያዥ አምጣ የተባለ የእረኛ ልጅ ዳግመኛ አይመጣም። አንድ የአማርኛ መምህር ለአሥሩም ቅጂ ፈርሞ ይውሰድና እሱ ያዙር፤ የጠፋ ካለ አንድ ሰው ብቻ ነው የምትጠይቁት።

ደራሲ ስትሉ ዓይናችሁ አዲስ አበባ ብቻ አይሂድ። በአጎራባች ከተማ የግጥም መድበል ያሳተመ መምህር በሚኒባስ መጥቶ በዚያው ቀን ይመለሳል፤ አልጋም አያስፈልገውም። ከሩቅ የሚመጣ ከሆነ ግን የትራንስፖርቱና የውሎ አበሉ ነገር አስቀድሞ ይለቅ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ተዘግቶ ሐምሌ 1 ይከፈታል። በሐምሌ መጀመሪያ ፋይናንስ ብትሄዱ የድሮው ሒሳብ እየተዘጋ፣ አዲሱ ገና አልወረደም ይሏችኋል፤ እውነታቸውን ነው። ጥያቄው ከሰኔ በፊት ዕቅድ ውስጥ ይግባ፤ ጉብኝቱ ደግሞ ነሐሴ ይሁን።

ነሐሴም ሁሉ ቀኑ አንድ አይደለም። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ነው፤ በክርስቲያኑ ሰፈር ብዙ ልጆች ቤተ ክርስቲያን ይውላሉ፣ ቅዳሴው ሳያልቅም አይቀምሱም፤ ያቀረባችሁት ቆሎና ሻይ ተከድኖ ይቀመጣል። ከነሐሴ 17 በኋላ ያለው ሳምንት ይሻላል። በሰቆጣ ሻደይ፣ በላሊበላ አሸንድዬ የሚጫወቱት ግን ያኔ ስለሆነ ሴቶቹን ልጆች አዳራሽ ውስጥ አትጠብቁ፤ እዚያ ከሆናችሁ እንግዳችሁን ወስዳችሁ ግጥማቸውን አሰሙት። የገበያ ቀንም ተዉ፤ ልጅ ሁሉ ወይ ይሸጣል ወይ አህያ ይጠብቃል።

ሰዓቱ ጠዋት 3 ተጀምሮ 5 ተኩል ላይ ይለቅ። በደጋ ከተማ የክረምት ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ከምሳ በኋላ ይበረታል፤ ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ዝናብ ሲወርድ ደግሞ ሞንታርቦም አያዋጣም። ድምፁን በጨመራችሁ ቁጥር ማይኩ ይጮኻል እንጂ ቃሉ አይለይም። ጠዋትም ሊዘንብ ይችላልና ጆሮ የማይፈልግ ሥራ አዘጋጁ፦ ለእያንዳንዱ ልጅ ግማሽ ወረቀትና እርሳስ ሰጥታችሁ የመጽሐፉን ሽፋን እንደ ገና ይሣሉት። ዝናቡ እስኪያባራ ደራሲው በመካከላቸው እየዞረ ያያል፤ አንዳንዴ የዕለቱ ምርጥ ሰዓት ያ ይሆናል። በር ላይ ሁለት ጆንያ አንጥፉ፤ ጭቃ የነካው ሊሾ ያንሸራትታል። ጣሪያው የሚያፈስበትን ቦታ ቀድማችሁ እዩና በሥሩ ያሉትን መጻሕፍት አንሡ።

አግዳሚ ወንበር ከእድር ትዋሳላችሁ፤ ከእድር የሚሻል አበዳሪ የለም። ግን በዚያው ሌሊት ሰው ከሞተ ወንበሩ የሚሄደው ልቅሶ ቤት ነው፤ መሄድም አለበት። የትምህርት ቤቱ ዴስክ ያለበትን ክፍል ቁልፍ ማን እንደያዘ ከሁለት ቀን በፊት እወቁ።

የመክፈቻ ንግግር ፕሮግራም ገዳይ ነው። የክብር እንግዳው እስኪመጡ 50 ደቂቃ፣ ከመጡ በኋላ 40 ደቂቃ ሲናገሩ፣ ደራሲው የሚደርሰው ከደከሙ ልጆች ነው። ኃላፊውን አታስቀይሙ፤ በመጥሪያው ደብዳቤ ላይ «የ5 ደቂቃ መልእክት» ብላችሁ ጻፉላቸው፣ 3 ሰዓት ሲሆን ግን አንድ ልጅ ከመጽሐፉ ሁለት ገጽ ማንበብ ይጀምር። መጽሐፉ እየተነበበ ሲደርሱ አብዛኞቹ ኃላፊዎች ድምፅ ሳያሰሙ ይቀመጣሉ።

ጥያቄ ከሦስት ቀን በፊት በብጣሽ ወረቀት ሰብስቡ። «መቼ መጻፍ ጀመሩ?» የሚለው ከግማሹ በላይ ይሆናል፤ አንዱን ብቻ አስቀሩ። «እናቲቱ ልጇን ትታ ስትሄድ ለምን አላለቀሰችም?» ዓይነቱን ፈልጉ። ስምንት ምረጡና ወረቀቱን ለጻፈው ልጅ መልሱለት፤ ራሱ ተነሥቶ ያንብበው። መድረክ መሪው አንብቦለት ልጁ ወንበሩ ላይ ከቀረ ሥራው ተበላሸ።

ሽያጭ ካለ ጠረጴዛው ከመውጫው አጠገብ ይሁን፤ ገንዘቡን የደራሲው ሰው ይቀበል። ቤተ መጻሕፍቱ ያለ ሕጋዊ ደረሰኝ አንዲት ብር አይንካ። መግዛት ያልቻለ ልጅ ደብተሩ ላይ ይፈረምለት። ለ60 ልጅ በነፍስ ወከፍ ግማሽ ደቂቃ ብትሰጡ 30 ደቂቃ ነው፤ ይህን መርሐ ግብሩ ውስጥ ካላስገባችሁ የደራሲው መኪና ጡሩንባ እየነፋ ልጆቹ ተሰልፈው ይቀራሉ።

የቤተ መጻሕፍቱ መታወቂያም በዚያው ዕለት ይሠራ። ሁለት ጉርድ ፎቶ ይዘህ ና የተባለ ልጅ በዚያው ይጠፋል። ስሙንና ቀበሌውን መዝግባችሁ ጊዜያዊ ካርድ ስጡት፤ ፎቶውን በወር ውስጥ ያምጣ።

በማግስቱ እነዚያ 10 ቅጂዎች ወደ ተቆለፈው ቁም ሣጥን አይመለሱ። ቁልፍ የያዘችው ባለሙያ ክረምት ላይ ዓመት ፈቃድ ልትወጣ ትችላለች። መጽሐፎቹ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ፣ ልጆቹ ከሣሏቸው ሽፋኖች ጋር ይቀመጡ፤ ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ደግሞ ከእናንተ አንዱ በሩን ከፍቶ ይጠብቅ።