የአንባቢያን ጥያቄ፦ “ዋጋሽ አይቀመስም” የተባለው ፎርማጆ

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ ባለችኝ ጠባብ ክፍል ከሁለት ሠራተኞች ጋር ፎርማጆና ሞዛሬላ እሠራለሁ። ወተቱ ከሱሉልታ ነው የሚመጣልኝ። ስድስት ዓመት ደንበኞቼ የነበሩ ሁለት ፒዛ ቤቶች “ዋጋሽ አይቀመስም” ብለው ከውጭ ወደሚገባው ርካሽ አይብ ዞሩ። መንግሥት ለምን አይከለክልልንም? እኔስ ምን ላድርግ?
የፎርማጆ አምራች፣ ከአራዳ

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤዎ እንቅልፍ ነሳኝ። ቅዳሜ ጠዋት ከአራዳ ጊዮርጊስ ቁልቁል ወርጄ የሱቆቹን ማቀዝቀዣ ሳይ ዋልኩ። አንዱን ጥቅል አነሣሁ። ፊቱ ላይ የሚሳብ አይብ ያለበት ፒዛ ታትሟል። ጀርባውን ገልብጬ ደቃቁን ጽሑፍ ሳነብ ግን መጀመሪያ ውኃ፣ ቀጥሎ የፓልም ዘይት፣ ከዚያ ስታርች ይላል። ወተት ነክ ነገር ያገኘሁት ወደ መጨረሻው ነው።

እርስዎ አንድ ኪሎ ፎርማጆ ለማውጣት ወደ 10 ሊትር ወተት ያፈሳሉ። ከዚያ ወተት ጀርባ ፉርሽካና ፋጉሎ የምትበላ ላም፣ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ የሚያልብ ሰው አለ። የፓልም ዘይት ይህ ሁሉ ወጪ የለበትም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ከወተት ብቻ የተሠራ የውጭ አይብ ርካሽ ሆኖ መግባቱ ከባድ ነው። ስለዚህ በጣም ርካሽ ሆኖ ሲያዩት አስቀድመው የሚጠይቁት “ለመሆኑ አይብ ነው ወይ?” ብለው ይሁን። ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ አውጪ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው ደንብ የወተት ስያሜዎች ለወተት ውጤቶች የተጠበቁ ናቸው። እኔ ከሁሉ አስቀድሞ እንዲከበር የምፈልገው ይህ ስም ነው።

ክልከላውን አልደግፍም። እርሾውና ወተቱን የሚያረጋው ማርጊያ ለእርስዎም ከውጭ ነው የሚመጣው፤ በር ሲዘጋ ደግሞ ኮንትሮባንድ ይከፈታል። ቀረጥ ግን ሌላ ነገር ነው፣ አጥብቄ እደግፈዋለሁ። ካናዳ ከተፈቀደው መጠን በላይ በሚገባ አይብ ላይ 245.5 በመቶ ትጥላለች፤ ማንም ኋላ ቀር አላላትም። ጃማይካ በ1990ዎቹ በሯን ስትከፍት በድጎማ የረከሰ የአውሮፓ የወተት ዱቄት ገባና ገበሬዎቿ ያለቡትን ወተት መሬት ላይ እስከ መድፋት ደረሱ። ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። በእንዲህ ያለ ድርድር አገር ለየዕቃው የማታልፈውን የቀረጥ ጣሪያ ታስመዘግባለች፤ አንዴ ዝቅ ብሎ ከተመዘገበ መልሶ ማንሣት አበሳ ነው። ስለዚህ አምራቾች ተሰባስባችሁ የአይብ ጣሪያ ስንት እንዲሆን እንደምትፈልጉ በጽሑፍ ለንግድ ሚኒስቴር አስገቡ። የአንድ ሰው አቤቱታ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

ወደ ሱቅዎ ልመለስ። ሁለቱን ፒዛ ቤቶች አይቀየሟቸው፤ እነሱም ኪራይ አለባቸው። ያንን ጥቅልና የእርስዎን አይብ ይዘው ይሂዱ፣ ጀርባውን አብራችሁ አንብቡ፣ በራሳቸው ምድጃ ሁለቱንም ጋግረው ይቅመሱ። “ከአገር ወተት የተሠራ” ብሎ ምግብ ዝርዝሩ ላይ ለሚጽፍልዎ ትንሽ ይቀንሱለት።

እናቴ ሰላሌ ሳለች በጾም ወራት ወተት አታባክንም ነበር። ትንጠዋለች፣ አሬራውን በለስላሳ እሳት ታሞቀዋለች፣ አይቡ ሲረጋ በንጹሕ ጨርቅ ታጠልለዋለች፤ ቅቤው ለፋሲካ ይቀመጣል። እርስዎም በሁዳዴ 55 ቀናት ገበሬው ገዢ አጥቶ ሲጨነቅ ነው በብዛት መግዛት ያለብዎት። ሞዛሬላ አይቆይም፤ በእነዚያ ሳምንታት የሚቆየውን ጠንካራ ፎርማጆ ይሥሩ፣ ለፋሲካ ያውጡት። ለዚህ የማቆያ ክፍልና ብድር ያስፈልግዎታል፤ ለሚኒስቴሩ በምትጽፉት ላይ ይህንንም አክሉበት። ጾሙ ሳይገባ ከሱሉልታ ገበሬዎችዎ ጋር በዋጋ ተስማምታችሁ ተፈራረሙ።